ሦስት ጥርስ

ደምበላ፣ ከቤቴ ጓሮ፣
አራት ቋሚ እንጨት፣ ስድስት ቆርቆሮ፣
አንድ የዛገ ሞርሳ፣ ከጠረጴዛ ታስሮ፣
አንድ ሞረድ፣ እጀታው ተሰብሮ።
እኔ «ወርክሾፕ» እለዋለሁ፤ ሚስቴ «የነፋስ ቤት»፣
የአዳማ አቧራ ሲደክመው ገብቶ የሚያድርበት።

መጋዝ ጎደለኝ።
ቅዳሜ ጠዋት ፍራንኮ፣ ከሸረፋ ሱቅ ደረስኩ፤
«ብረት የሚቆርጥ» አልኩ።
«ስንት ነው ውፍረቱ?»
አውራ ጣቴን አሳየሁት።
«ቱቦ ነው? ድፍን?»
«ድፍን፤ ፌሮ ነው» አልኩት።
«ለምን?» ሲል ግን ምላሴ ከበደኝ፤
«ለአጥር» አልኩ። የማን አጥር ብሎ አልጠየቀኝ፤
ደምበላ የተነገረ ፍራንኮ ሳይደርስ አያድርም፣
ሸረፋም ሚስማር ሲመዝን ወሬ አያመልጠውም።

ግራይንደሩን አወረደ። ከሶኬቱ ሰካ።
ጮኸ፤ ብሎን በየጣሳው፣ ሚዛኑም፣ አብሮ ተንካካ።
«ሁለት ደቂቃ አይፈጅ፤ ቅቤ የቆረጥክ ይመስልሃል፣
መነጽር ብቻ አድርግ፤ ብልጭታው ይረጭሃል።»

እኔ ግን ሌላ ነበር የማሰላው፤
ሲስተር ወይንሸት ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ገና ስታሸልብ፣
መብራቱም፣ መጣሁ ብሎ የሚቀር ዘመድ ነው፤
ከሁሉ፣ ከሁሉ ደግሞ
ተሬሳ። ወንድሜ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው።
ሦስት ዓመት አንድ ቃል ያልተለዋወጥኩትን ሰው
ዛሬ በእሳት ልጀምረው?

የአባታችን አርባ በወጣ ማግስት
ግቢው ለሁለት ተከፈለ፣ በገመድ፣ በሽማግሌ ፊት።
ሰባ ሁለት ፌሮ ቆመ፣ ጫፉ የሾለ።
የበያጁን ሂሳብ እኩል ከፈልን፤
የተስማማንበት የመጨረሻው ነገር እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኦብሳ፣ የተሬሳ ትንሹ፣
ከልጄ ኳስ ሊቀበል ሲል በብረቱ መሀል ገባ ራሱ።
ገባ፤ አልወጣም። ጆሮው ያዘው።
ሚስቴ ከወዲህ፣ ሚስቱ ከወዲያ፣
በአንድ ባልዲ ውኃ፣ በአንድ ሳሙና፣
አንገቱን አለስልሰው በመከራ አወጡት።
እኛ?
እኛ ሁለቱ ወንዶች
እጃችንን ኪሳችን ከተን
አረፋው ሲወርድ ነበር የምናየው።

«መልሰው» አልኩት ሸረፋን። «የእጁን ስጠኝ።»
ሳቀ፤ ሰጌቶውን አቀበለኝ።
«ፍሬሙ ምንም አይደል፤ ጨዋታው ምላጩ ላይ ነው።
ባለ ዐሥራ ስምንት ጥርስ ለድፍኑ፣ ለወፍራሙ፤
ባለ ሠላሳ ሁለት ለስስ ላሜራ ነው ጥቅሙ፤
መሀለኛውንም፣ ሃያ አራቱን፣ አትናቅ።
ሕጉ ግን አንድ ነው፤
ምንጊዜም ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ ይረፍ።
ሁለት ከሆኑ ይናከሳሉ፤
አንዱ ብቻውን ከሆነ፣ እሱ ነው የሚረግፍ።»
ባለ ዐሥራ ስምንቱን ሁለት ገዛሁ፣ አንዱ ቢሰበር ብዬ።

በባጃጅ ስመለስ፣ ሰጌቶው ጉልበቴ ላይ፣
ቆጠርኩ። እኔ አንድ። ተሬሳ ሁለት።
ሁለት ሆነን ተናከስን።
ሦስተኛውን ስፈልግ፣ «ወራጅ» ማለት ረስቼ፣
ሰፈሬን አለፍኩት፤ በእግሬ ተመለስኩ ፀሐይ ጠጥቼ።

እሑድ ማለዳ። ነፋሱ ገና አልተነሳም።
ኦብሳ የተያዘበትን ፌሮ መረጥኩ።
ከርር… ከርር…
ግፊት ጨመርኩ፤ ላቤ ወረደ፤
ምላጩ ተንሸራተተ እንጂ አልወረደ።
ከሩብ ሰዓት በኋላ ያተረፍኩት
የተወለወለ ብረት።
ከወዲያ ጉሮሮውን ጠረገ ሰው።
«ምላጩን ገልብጠህ ነው ያሰርከው።
ጥርሱ ወደ ፊት ነው የሚያየው።»
ሦስት ዓመት ያጠራቀመው ቃል ይኸው።

ቢራቢሮዋን ብሎን ፈታሁ። ምላጩን አዞርኩ። አጠበቅሁ።
አንዴ ገፋሁ፤ ነከሰ፤
ደቃቅ ብርማ ዱቄት ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።
እሱ ከወዲያ ፌሮውን በሁለት እጁ ያዘ፣
እንዳይርገፈገፍ።
ከዚያ፣ ፊቴን ሳያይ፣
«ዘይት አለህ?» አለኝ።

ወርክሾፑ ውስጥ፣ ከሞርሳው ሥር፣ ግማሽ ጣሳ ነበረኝ።
«የለኝም» አልኩት።